የስፖርት መጽሐፍም ልክና መጠን አለው



ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ ግን መልካም ነገር እንዳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። እዚህ ላይ ጥንካሬ የተባለው በዋናነት የኢማን ነው፤ ሆኖም ጤናማ አካል ለዒባዳ ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

ብዙዎች መጽሐፍ ገዝተው ይጀምራሉ፤ ከዚያም ከዚህም ከዚያም እየቀላቀሉ ወይ ይጎዳሉ ወይ ይተዉታል። እኛ ፋርማሲ ውስጥ ለመድሐኒት የምንለው ለዚህም ይሠራል።

አመራረጥ፦ የጎረቤት መድሐኒት እንደማይወሰድ ሁሉ፣ ለስፖርተኛ የተጻፈ ፕሮግራም ለጀማሪ አይሆንም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚያሠራ፣ በመካከሉም የእረፍት ቀን ያለው ይሁን፤ ጡንቻ የሚጠገነው በእረፍት ነውና። ቤት ውስጥ ለምትሠሩ እህቶች ቁጢጥ ብሎ መነሳትና ግድግዳ መግፋት በቂ መነሻ ናቸው።

አጨማመር፦ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም በ1940ዎቹ የቆሰሉ ወታደሮችን ያጠነከሩት ክብደቱን ደረጃ በደረጃ በመጨመር ነበር። ጥሩ መጽሐፍም መቼና ምን ያህል እንደሚጨመር በግልጽ ይናገራል። ለምሳሌ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ ከተባለና በመጨረሻው ዙር 6 ላይ ከደከማችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው ክብደት ሥሩ። ሦስቱንም ዙር አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ጥቂት ጨምሩ።

አከታተል፦ የሠራችሁትን በደብተር መዝግቡ፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሌላ ሳትቀላቅሉ ቀጥሉ። ያመለጠ ኪኒን ከቀጣዩ ጋር ተደርቦ እንደማይዋጥ፣ ያመለጠ ቀንም በእጥፍ አይካካስም። በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ሥሩ፤ ዙሩንም ቀንሱ።

ጥንቃቄ፦ ክብደት ስታነሱ ትንፋሽ አትያዙ፤ የደም ግፊትን በድንገት ያሻቅባልና። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ የስኳር ሕሙማን ስኳራችሁ ከመጠን በላይ ሊወርድ ስለሚችል ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ወዲያው አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። «ቶሎ ጡንቻ ያወጣል» ተብሎ የሚሸጥ የሆርሞን መርፌ ደግሞ ልብንና ጉበትን ይጎዳል፤ ወንዶችን ልጅ እስከመከልከል ይደርሳል። እባካችሁ ራቁት!

አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ለስፖርቱም መርሁ ይኸው ነው። ወቢላሂ ተውፊቅ።