ሸገር ዳቦ፦ ማሽኑስ አለ፣ ዱቄቱስ?

ሚድሮክ የገነባው ሸገር ዳቦ ፋብሪካ ሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅ፣ ወሬው ሁሉ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ መጋገሩ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በጅምላ ጋግሮ በየሰፈሩ በርካሽ ማድረስ።

እኔ ግን ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔ ዱቄቱ ላይ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ባለ 100 ግራም ዳቦ 75 ግራም ገደማ ዱቄት ይፈጃል እንበል። 80 ሺህ ዳቦ ማለት በሰዓት 60 ኩንታል ነው። ቀን ከሌት ከተሠራማ 1,440 ኩንታል!

ትልቅ ፋብሪካ በአንድ ዳቦ ላይ የሚያርፈውን የጉልበት ወጪ ይቀንሳል፤ የስንዴን ዋጋ ግን አይቀንስም። በ2014 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዓለም የስንዴ ዋጋ እንዴት እንደተሰቀለ አይተናል።

እና ዳቦው ሲያንስባችሁ ጋጋሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት ኩንታሉ ስንት እንደገባ ጠይቁ።