ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ፦ የአንጀት ካንሰር የያዘውን የትዳር ጓደኛ ማስታመም

የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ኬሞ ለመውሰድ ባሕር ዳር የሚያድረው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ነው። የቀሩት ሃያ ቀናት ግድም የሚያልፉት ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ጃቢ ጠህናን ገጠር፣ በገዛ ቤቱ ነው። መድኃኒቱ ጣጣውን የሚያመጣውም በእነዚሁ ቀናት ነው። ያኔ አጠገቡ ያለችው ነርስ ሚስቱ ናት፤ የታመመችው እሷ ከሆነች ደግሞ ባሏ።

በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰው ይይዛል። በአገራችንም በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው። ደም የቀላቀለ ሰገራ ሲታይ «ኪንታሮት ነው»፣ «አሜባ ነው» እየተባለ ወራት ስለሚያልፉ ብዙው ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለ ሰገራ ማውራት ያሳፍራላ! አስታማሚ ግን ይህን እፍረት መተው አለበት። ሐኪሙ በየቀጠሮው የሚጠይቀው ስንት ጊዜ ወጣ፣ ቀጠነ ወይ፣ ደም አለው ወይ እያለ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፣ ኬሞ ይከተላል። ኬሞው ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይሰጣል። ካንሰሩ ፊንጢጣ አካባቢ ከሆነ ጨረር ሊታዘዝ ይችላል። ያኔ የሚኬደው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ወደነበረው ጥቁር አንበሳ ነው። እዚያ ዘመድ የሌለው ሰው ስለ ማረፊያ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ይጠይቅ፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታማሚዎችን ያስጠጋል። የጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ሪፈር ሳትይዙ አትነሡ፤ ከውጭ ፋርማሲ የገዛችሁበትን ደረሰኝም አትጣሉ።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንምጣ። ለዚህ በሽታ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ኦግዛሊፕላቲን የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ከካፔሲታቢን ክኒን ጋር ነው። አንዱ ዙር 21 ቀን ነው፦ በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር ይሰጣል፣ ክኒኑ 14 ቀን ጠዋትና ማታ ይዋጣል፣ ከዚያ 7 ቀን እረፍት ይሆናል። በዓል በቃሉ ለሚቆጥር የገጠር ሰው ይህ አያስቸግርም። ኬሞው በሚካኤል ከተሰጠ ክኒኑ በመርቆሬዎስ ያበቃል፣ ቀጣዩ ዙር በበዓታ ይውላል። ጳጉሜን ስትገባ ብቻ ቆጠራው ስለሚዛባ ካርዱን አይቶ ማስተካከል ነው። ክኒኑ ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዋጣል። የተዘለለ ካለ ተዘለለ፤ ለማካካስ ደርቦ መዋጥ አደገኛ ነው።

ከእነዚህ ቀናት በጣም የሚያሰጋው ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ በምሳሌያችን ከገብርኤል እስከ መርቆሬዎስ። ያኔ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር መኖር አለበት። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ፓራሲታሞል አስቀድሞ መስጠት ትኩሳቱን ይደብቀዋል። በእኛ አካባቢ፣ በተለይ ቆላው ላይ፣ ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ይታሰባል። ወባ ይመርመር፣ አይከፋም። ግን በር ላይ ላገኛችሁት ባለሙያ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ኬሞ ላይ ነው» ይሁን። ይህን ካልሰማ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ሊመልሳችሁ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን አንቲባዮቲክ በደም ሥር፣ ያውም በቶሎ ነው።

ኦግዛሊፕላቲን ሌላም ጠባይ አለው፤ ብርድ አይወድም። ከተሰጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ጠዋት ከጀሪካን በወረደ ውሃ መታጠብ ጣትን እንደ ኮረንቲ ይነዝራል፤ ቀዝቃዛ ነገር መጠጣትም ጉሮሮን አንቆ የያዘ ያህል ያስጨንቃል። ውሃው ለብ ይበል፣ እጅና እግር ይሸፈን።

ጸበል የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ከሰከላው ግሽ ዓባይ ጀምሮ ጸበል በማይርቅበት አገር ታማሚን «አትሂድ» ማለት የማይሆን ነገር ነው፤ ማለትም አያስፈልግም። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል፤ ነገሩ ለካንሰርም ያው ነው። ቀኑን መምረጥ ግን ይገባል። በንጋት ብርድ መጠመቅ ኬሞው በተሰጠበት ሳምንት አይሆንም፤ ከመርቆሬዎስ በኋላ ባለው የእረፍት ሳምንት ይሻላል። እስኪያስመልስ መጠጣት ደግሞ ክኒኑንም ያስወጣል። ጾሙንም ለንስሐ አባት መንገር ነው። ጠዋትና ማታ በልቶ መድኃኒት የሚውጥ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹም የሚል አባት አላውቅም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። አጥሚት፣ አልጫ፣ እንቁላል፣ የፈላ ወተት ጥሩ ናቸው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅሩ። የቡሬ በርበሬም ለጊዜው ይረፍ፤ አፍ የቆሰለ ሰው አይችለውም። ተቅማጥ ሲመጣ ለምለም የሚባለውን ዱቄት (ኦአርኤስ) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። በቀን ከወትሮው አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ ክኒኑን አቁማችሁ ለሐኪሙ ደውሉ። ከኬሞው በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ሽንቱንና ሰገራውን የምታነሡት በጓንት ይሁን፤ ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀቱ በሆድ ላይ ወጥቶ ሰገራው ከረጢት ውስጥ የሚወርድለትም አለ። ለአንዳንዱ ለጊዜው ነው፣ ለአንዳንዱ ለዘለቄታው። የሚታየው የአንጀት ጫፍ ቀይና እርጥብ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከጠቆረ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል። ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ፣ ቆዳው በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን ከተቀባ ከረጢቱ አይይዝም። ከረጢት እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲያልቅ የተጣጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይቻላል። ለባልና ሚስት ከባዱ አጠባው አይደለም፤ ታማሚው «ሸተትኩ» ብሎ መደብ ለይቶ መተኛት መጀመሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አብራችሁ ብትቀይሩት ነገሩ ይቀላል። አብሮ መተኛትም አልተከለከለም፤ በኬሞ ወቅት ግን እርግዝና መከላከል ግድ ነው፣ ኮንዶምም ያስፈልጋል።

ጠያቂ ይበዛል፤ ወጉ ነው፣ ደግ ነገርም ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ደጅ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ ማስተናገድ፣ የሚያስለውንም «ሲሻልዎ ይምጡ» ብሎ መመለስ ነውር አይደለም። ጠያቂውን ሥራ ስጡት፦ አረሙን በወንፈል፣ አጨዳውን በደቦ። የታመመችው ሚስት ስትሆን ብዙ ቤት የሚደረገው የሴት ልጅን ትምህርት ማቋረጥ ነው። ይህ ትክክል አይመስለኝም። እንጀራውን ጎረቤት ትጋግር፤ አጥሚት ማማሰልን ግን ባል በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ስትወጡ የክፍሉን ስልክ ያዙ፤ ቀጠሮ ቢያልፍ ምን እንደሚደረግም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥቂት ቀን መዘግየት ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘውን ወረቀት ፎቶ አንሡት፤ ባሕር ዳር መድረስ ካልተቻለ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል ያለው ሐኪም የሚነሣው ከዚያ ነው።

ሕክምናው ሲያልቅ የጣት መደንዘዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ክትትሉም ዓመታት ይቀጥላል። የታማሚው ወንድም፣ እኅትና ልጆች ደግሞ 40 ዓመት ሲሞላቸው፣ ወይም እሱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብለው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው የአንጀት ምርመራ እንዲጀምሩ ይመከራል።