ከዱር ጦጣና ዝንጀሮ ወደ ሰው የሚተላለፉ የአንጀት ትሎች

ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ሁሉ በትንፋሽ የሚዛመቱ አይደሉም። አንዳንዶቹ በአፈርና በውኃ ውስጥ ቆይተው፣ እንስሳው አካባቢውን ከለቀቀ ከሳምንታት በኋላ ሰውን ያጠቃሉ። በጦጣና በዝንጀሮ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትሎች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

በአገራችን እነዚህ እንስሳት ከሰው ርቀው አይኖሩም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ጦጣዎች ከጎብኚዎች እጅ ምግብ ይቀበላሉ፤ በገጠር ዝንጀሮዎች ከበቆሎ ማሳ ይገባሉ፣ ሰው ውኃ ከሚቀዳበት ወንዝም ይጠጣሉ። በኢትዮጵያ በተደረጉ የዓይነ ምድር ምርመራዎች ሰውን ሊይዙ የሚችሉ ትሎች በሁለቱም ላይ ተገኝተዋል።

መተላለፊያ መንገዶች

በአፍ፦ ትሪኩሪስ የተባለው ጅራፍ መሰል ትል እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር እንደ ወጣ ወዲያው በሽታ አያስይዝም። በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ከ15 እስከ 30 ቀናት ከቆየ በኋላ ግን ባልታጠበ እጅ፣ አትክልት ወይም ፍራፍሬ አማካይነት ወደ ሰው ይገባል። ስለዚህ ዓይነ ምድር በዓይን ባይታይም አፈሩ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

በእግር ቆዳ፦ የስትሮንጊሎይድስ እጭ በተበከለ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።

በውኃ፦ ዝንጀሮ በአንጀት ቢልሃርዝያ ሊያዝ ይችላል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላም ወጥቶ የሚታጠበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው በቆዳው በኩል ይይዘዋል።

መተላለፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንስሳቱም ከሰው ይያዛሉ። በመሆኑም እነርሱን መግደል መፍትሔ አይሆንም፤ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በንጽሕና ነው።

ምን እናድርግ?

• ጦጣንና ዝንጀሮን በእጅ አለመመገብ፤ የምግብ ትርፍራፊንም ሜዳ ላይ አለመጣል።
• ከምግብ በፊትና ከእርሻ ሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ።
• አትክልትና ፍራፍሬን በንጹሕ ውኃ አጥቦ መመገብ።
• ጫማ ማድረግ፤ ሕፃናትንም ማስለመድ።
• ቢልሃርዝያ ባለባቸው ሐይቆችና ወንዞች አለመዋኘት።
• መጸዳጃ ቤት ሠርቶ በአግባቡ መጠቀም።

በትል የተያዘ ሰው ለረጅም ጊዜ ምልክት ላያሳይ ይችላል። የሆድ ቁርጠት፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የደም ማነስ ወይም የልጅ ዕድገት መጓተት ሲታይ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ለቢልሃርዝያ የሚሰጠው መድኃኒት ለሌሎቹ ትሎች ከሚሰጠው የተለየ በመሆኑ፣ ሳይመረመሩ መድኃኒት ገዝቶ መውሰድ በሽታው ሳይድን እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል።