ፊልሙ ያልነገረን፦ የአጫጭር አኒሜሽን መድበሎችና የሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም ዓለም

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



ገለጻዬን በአንድ የመብራት መጥፋት ልጀምር። «ዘ ማትሪክስ» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣ ጥቂት ቆይቶ፣ እዚሁ ሀገረ ሕይወት በአንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን እናየው ነበር። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ «በቃ፣ ሞተ» አለ። ሌላው «ዋናው ሰው ነው፤ እንዴት ይሞታል?» ሲል ተቆጣ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን ስለ ጀግናው ግድ አልነበረውም። «ለመሆኑ ማሽኖቹንና ሰዎቹን መጀመሪያ ያጣላቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም። መብራቱ ተመልሶ ፍጻሜውን አየን፤ የወጣቱ ጥያቄ ግን ፊልሙም ካለቀ በኋላ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ መልሱ መጣ። የመጣው ግን በዋናው ፊልም ተከታይ ክፍል ሳይሆን በአጭር የአኒሜሽን ፊልም ነው። የዛሬው ገለጻዬም በዚህ ዓይነቱ መልስ ላይ ያተኩራል። ላስረዳ የምፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው፤ አንድ ፊልም የፈጠረው ዓለም የሚሰፋው ፊልሙ ሳይናገር በተወው ክፍተት በኩል ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላ ሰውም የሚሞላው በገዛ ራሱ ትዝታ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን ማን ይሞላዋል የሚለው ጥያቄ ለእኛም የሚተርፍ ጥያቄ ነው።

መድበል ስንል

መድበል የሚለውን ቃል የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በሚገባ ታውቁታላችሁ። የግጥም መድበል፣ የአጫጭር ልብወለዶች መድበል እንላለን። ዛሬ የምንመለከተው የፊልም መድበል አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። በውስጡ የተሰበሰቡት አጫጭር ፊልሞች የሚበቅሉት በሌላ ፊልም አስቀድሞ በታወቀ ዓለም ላይ ነው። የዓለሙ ሕግ ተደንግጓል፤ መቼቱም ታውቋል። ተመልካቹ ቤቱን ያውቀዋል፤ ያልገባበት ጓዳ ብቻ ነው የቀረው። በዚህ ምክንያት የዐሥር ደቂቃ ፊልም ዓለሙን ለማስተዋወቅ ጊዜ ሳያባክን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

አኒሜሽን ለምን ተመረጠ ብትሉ፣ ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። በአንድ በኩል የሳይንሳዊ ልብወለድ ዓለም በሕያው ተዋንያን ሲቀረጽ ወጪው ከባድ ነው። ገና ያልተሠራ ከተማ ይሠራል፣ ያልነበረ ጦርነት ይዋጋል። በሥዕል ግን ከተማውም ጦርነቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይወጠናሉ። በሌላ በኩል የሥዕል እጅ እንደ ሰው ድምፅ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ዘጠኝ ሠዓሊዎች አንድን ዓለም ቢሥሉ ዘጠኝ አመለካከት እናገኛለን።

«ዘ አኒማትሪክስ» የሠራው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዘ አኒማትሪክስ» ዘጠኝ አጫጭር ፊልሞችን የያዘ መድበል ነው። የዋናው ፊልም ፈጣሪዎች ዋቾውስኪዎች የአራቱን ጽሑፍ አዘጋጅተው፣ የቀሩትን ለሌሎች ባለሙያዎች ተዉላቸው። አብዛኞቹ ዳይሬክተሮች ጃፓናውያን ናቸው፤ ማሂሮ ማኤዳ፣ ሺኒቺሮ ዋታናቤ፣ ዮሺያኪ ካዋጂሪ፣ ታኬሺ ኮይኬና ኮጂ ሞሪሞቶ ይገኙበታል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። «ዘ ማትሪክስ» ራሱ ከጃፓን አኒሜሽን፣ በተለይም ማሞሩ ኦሺ እ.ኤ.አ. በ1995 ካዘጋጀው «ጎስት ኢን ዘ ሼል» ብዙ ተበድሯል። ስለዚህ መድበሉ በአንድ መልኩ የብድር መመለሻ ነበር።

ዘጠኙ ፊልሞች ከዋናው ፊልም ጋር ያላቸው ዝምድና በሦስት መንገድ ይከፈላል።

የመጀመሪያው መንገድ ወደ ኋላ ሄዶ መነሻውን መንገር ነው። በሁለት ክፍል የቀረበው የማኤዳ «ሁለተኛው ህዳሴ» የቪዲዮ ቤቱን ወጣት ጥያቄ የሚመልስ ፊልም ነው። ባለቤቱ ሊያስወግደው ሲል የገደለው አንድ አገልጋይ ሮቦት ለፍርድ ይቀርባል፤ መሞት አልፈልግም ይላል፤ ይፈረድበታል። ከሰው ዘንድ የተባረሩት ማሽኖች ጥንታዊ ሥልጣኔ በበቀለባት በመስጴጦምያ ምድር «ዜሮ ዋን» የተባለች ከተማ ይመሠርታሉ። በንግድ ይበለጽጋሉ፤ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ለመግባት ይጠይቃሉ፤ ይከለከላሉ። ጦርነት ይነሣል፤ ሰዎችም የማሽኖቹን የኃይል ምንጭ ለማቋረጥ ሰማዩን ያጠቁራሉ። ዋናውን ፊልም በማሽኖች ክፋት ጀምሮ ያየ ሰው፣ ይህን ካየ በኋላ ያንኑ ፊልም በሌላ ዓይን ያየዋል። አንዲት ምስል ሳትለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ።

ሁለተኛው መንገድ ድልድይ መሥራት ነው። «የኦሳይረስ የመጨረሻ በረራ» የተሰኘው ፊልም በዚያው ዓመት የወጣውን የ«ዘ ማትሪክስ» ተከታይ ክፍል የሚያስጀምረው መልእክት እንዴት እንደ ደረሰ ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ ጎን ለጎን መሄድ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝም ይኸው ነው። በሞሪሞቶ «ባሻገር» ውስጥ የጠፋች ድመቷን የምትፈልግ አንዲት ልጅ የሰፈር ሕፃናት የሚጫወቱበት ፍርስራሽ ቤት ታገኛለች። በዚያ ቤት የተፈጥሮ ሕግ ተዛብቷል፤ የወደቀ ነገር መሬት ሳይነካ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ስሕተቱን መጫወቻ አድርገውታል። የሥርዓቱ ሰዎች መጥተው ቤቱን ሲያጸዱት፣ በቦታው ተራ የመኪና ማቆሚያ ይቀራል። ጀግና የለም፤ ጦርነትም የለም። ነገር ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ተራ ሰው ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ከረጃጅሞቹ ፊልሞች ይልቅ ይህች አጭር ፊልም ትነግረናለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ማኤዳ የማሽኖችንና የሰዎችን ጦርነት ሲሥል፣ ሥዕሎቹን ያመጣው ከባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይጎን መንገድ ላይ አንድ እስረኛ በሽጉጥ ሲገደል የሚያሳየው ፎቶግራፍ፣ በ1989 በቤጂንግ በታንክ ፊት የቆመው ሰው፣ በማሽኖች ታሪክ ውስጥ ተመልሰው ይታያሉ። የልብወለዱ ዓለም ክፍተት በሃያኛው ክፍለ ዘመን እውነተኛ ሰቆቃ ተሞላ። ሞይው በገዛ ትዝታው ይሞላል ያልኳችሁ ይህን ነው።

ቀኖናውን መልቀቅ

«ስታር ዋርስ፦ ቪዥንስ» እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። በጃፓን ስቱዲዮዎች የተሠሩት ዘጠኙ ፊልሞች ከዋናው ታሪክ ቀኖና ጋር እንዲስማሙ አልተገደዱም። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ዙር ደግሞ በሩን ለሌሎች አገሮችም ከፈተ፤ ከተሳታፊዎቹ አንዱ የደቡብ አፍሪካው ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ ነበር። በዚሁ ዓመት ትሪገርፊሽ የመራው «ኪዛዚ ሞቶ» የተባለ የዐሥር አፍሪካዊ አጫጭር ፊልሞች መድበል ወጣ። ይህኛው የማንንም ፊልም ዓለም አልተዋሰም፤ እያንዳንዱ የራሱን ዓለም ፈጠረ። ዳይሬክተሮቹ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዚምባብዌ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከግብፅ የመጡ ናቸው። ከኢትዮጵያ የመጣ የለም።

ሁሉን ነገር መሙላት ግን መልካም እንዳይመስላችሁ። አንዳንድ መድበል ገበያን ብቻ አይቶ፣ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ይመልሳል። ክፍተት ሁሉ ጉድለት አይደለም፤ ሳይነገር የሚያምር ነገር አለ። የመድበል አዘጋጅ የመጀመሪያ ችሎታ የትኛው ክፍተት ተመልካቹን እንቅልፍ እንደሚነሣውና የትኛው እንዲሁ ቢተው እንደሚሻል መለየት ነው።

አንድም

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የአንድምታ መምህር አንዲቱን ንባብ ካነበበ በኋላ አንድ ፍች ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ሁለተኛው ፍች የመጀመሪያውን አይሽርም፤ በሐተታውም አጭር ታሪክ ይገባል። ንባቡ አንድ ነው፤ ዓለሙ ግን በየ«አንድም»ው ይሰፋል። «ተአምረ ማርያም»ም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰ በኋላ በአገራችን የሆኑ ታሪኮች እየተጨመሩበት፣ በሥዕልም እየተዋበ ያደገ መድበል ነው።

ከቤተ ክህነት ወጥተን ወደ ምድጃው ዳር ብንሄድም ያው ነው። የአያ ጅቦና የእመት ጦጣ ተረቶች መቼ ተጀመሩ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጅቡ ትናንት በአንዱ ተረት ሞቶ፣ ዛሬ በሌላው ተነሥቶ ይታለላል። በዚህ በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ «ኦዱ ዱሪ» እየተባለ የሚነገረውም እንዲሁ በየተራኪው አፍ ይታደሳል። የዚህን ተረት ሀብት ወደ አኒሜሽን ያመጣም አለ። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው «ሒሳብ» በተሰኘ አጭር ሥራው፣ ተሳፍረው ስለ ሄዱት ስለ አህያ፣ ስለ ፍየልና ስለ ውሻ የሚነገረውን የከተማ ቀልድ እየቀባ፣ እያንዳንዷን ለውጥ ፎቶ እያነሣ አንቀሳቅሶታል። ሒሳቧን የከፈለችው አህያ መኪና ሲመጣ አትደነግጥም፤ ያልከፈለችው ፍየል ትሸሻለች፤ መልሱን ያልተቀበለው ውሻ ግን እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል።

የፍርፋሪው ዓለም

ታዲያ መድበል የሚጠብቅ የሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም ዓለም በአገራችን አለን? አለን። እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ክረምብስ»፣ ትርጉሙም «ፍርፋሪ»፣ በኢትዮጵያ የተቀረጸና ገጸ ባሕርያቱ አማርኛ የሚናገሩበት ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው። ሰማይ ላይ ለዓመታት የዛገ መንኮራኩር ተንሳፍፏል። ባልና ሚስት በተተወ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የዳሎል ምድር ያለ አንዳች ማስጌጫ የሌላ ፕላኔት መልክ ይሰጣል። ከጠፋው ሥልጣኔ የተረፈ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይከበራል፤ ማይክል ጆርዳን እንደ ቅዱስ ይጠራል።

ፊልሙ ከ70 ደቂቃ አይበልጥም፤ የተወው ክፍተት ግን ሰፊ ነው። የትኛው ጦርነት ነው ዓለሙን ያጠፋው? መንኮራኩሩ ሲመጣ የገበያ ቀን ነበርን? እናቶች ለልጆቻቸው ምን ነገሯቸው? በእኛ በኩልስ፣ በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ የተረፉ ሰዎች ምን አዩ? ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ እረኛ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከአፈር ውስጥ ቢያወጣ፣ ለየትኛው አምልኮ የዋለ ዕቃ ነው ብሎ ያስብ ይሆን?

ስትስቁ እሰማለሁ። ጥያቄው ግን የምር ነው። ያንሶ ዓለሙን በእንግዳ ዓይን ከፈተልን፤ ውለታው አይካድም። የቀሩትን ጓዳዎች ግን እንግዳ ሊሞላቸው አይችልም፤ የእኛን ትዝታ አልያዘምና። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ እህል ፍለጋ የተጓዘ ሰው ልጅ፣ የዓለምን ፍጻሜ ሲሥል የሚያወጣው ምስል ከሳይጎን የተወሰደ አይሆንም።

የሚቻል ነውን?

ሒሳቡን እንሥራ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። የሁለት ሰዓት ፊልም 172,800 ምስል ይፈልጋል፤ የስምንት ደቂቃ ፊልም 11,520። የጃፓን ሠዓሊዎች እንደሚያደርጉት አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ብናቆየው 3,840 ሥዕል ይበቃናል። ስድስት ተማሪዎች ቢካፈሉት ለአንዱ 640 ይደርሰዋል። በቀን አምስት ቢሥል የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው። ቀላል ነው አላልኩም፤ የሚቆጠር ነው አልኩ። አንድ ክፍል በአምስት ቡድን ቢከፈል በዓመቱ መጨረሻ መድበል በእጁ አለ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድን ሥራ የማላመድ መብት ለባለመብቱ ይሰጣል። ስለዚህ በሌላ ሰው ዓለም ላይ የሠራችሁትን ለሕዝብ ከማቅረባችሁ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ከፈቃድ ጥበቃ ነጻ መሆን ከፈለጋችሁ ግን ባለቤቱ ሕዝብ የሆነ ዓለም በእጃችሁ አለ፤ አያ ጅቦን በመንኮራኩር ለማሳፈር ማንንም ማስፈቀድ አያሻችሁም። ሒሳቡን ይክፈል እንጂ።

ያ በቪዲዮ ቤቱ ጨለማ ውስጥ የጠየቀ ወጣት ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ጥያቄውን ግን ለሃያ ዓመታት ያህል ለተማሪዎቼ ስደግመው ኖሬአለሁ። አንድን ፊልም አይታችሁ ስትወጡ፣ ጀግናው ምን ሆነ ከማለት አልፋችሁ ፊልሙ ሳይነግረን ያለፈው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስታገኙት አታውሩት፤ ሣሉት።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።