ብሎክቼይንን ከተርሚናል መጠየቅ

የብሎክቼይን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ለጠያቂ የተመቸ ግን አይደለም። የቢትኮይን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ብሎክ በብሎክ ሲደራረብ ቆይቶ ዛሬ ከ600 ጊጋባይት በላይ ይዟል። ሲሠራ የታሰበው ግብይትን ማረጋገጥ ነው፤ «የዚህ አድራሻ ሒሳብ ምን ይመስላል?» የሚል ሰው ይመጣል ተብሎ አልተደራጀም። በኮማንድ ላይን የሚሠሩት መሣሪያዎች አብዛኛው ድካም ይህን ክፍተት መሙላት ነው።

መነሻው ከቢትኮይን ዋና ሶፍትዌር፣ ከቢትኮይን ኮር ጋር አብሮ የሚመጣው ቢትኮይን-ሲኤልአይ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ኖድ፣ ማለትም መዝገቡን የሚይዘውን ፕሮግራም፣ ጠይቆ መልሱን ባብዛኛው በጄሰን ቅርጸት ያቀርባል። የብሎክ ቁጥር ሰጥቶ ሃሹን (ዲጂታል አሻራውን)፣ በሃሹ ደግሞ ሙሉውን ብሎክ ማውጣት ቀላል ነው። የግብይት መለያ ብቻ ይዞ «ጌትሮውትራንዛክሽን» ለሚል ግን ቲኤክስኢንዴክስ የተባለው ማውጫ ካልበራ ኖዱ የድሮውን ግብይት አላገኘሁም ይላል። በአድራሻ መጠየቅማ የባሰ ነው፦ «ስካንቲኤክስአውትሴት» አሁን ያለውን ቀሪ ይደምራል፤ የገባና የወጣውን ታሪክ አያሳይም።

ላዝሎ ሃንዬትስ ሜይ 22 ቀን 2010 ለፒዛ የከፈለበትን ግብይት ጠርቶ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በመውጫው በኩል 10,000 ቢትኮይን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመግቢያው ግን ከመቶ የሚበልጡ ቁርጥራጮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ከየትኛው የቀድሞ ግብይት፣ ከስንተኛው መውጫ እንደመጣ ይናገራል እንጂ መጠኑን አይጠቅስም። ስለዚህ የተከፈለውን ኮሚሽን ለማወቅ የቀድሞዎቹን ግብይቶች አንድ በአንድ አውጥቶ መደመር፣ ከድምሩም 10,000ውን መቀነስ ግድ ነበር። በ2023 የወጣው የቢትኮይን ኮር 25ኛ እትም ይህን ሥራ በአንድ ትእዛዝ ጨረሰው፤ ዘግይቷል ባይ ነኝ።

በ2015 የተጀመረው ኢቴሪየም ሒሳብን በአድራሻ ስለሚይዝ ቀሪን መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ ግን በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር፣ ያውም በዌይ ይመጣል፤ አንድ ኢተር 1 ከ18 ዜሮ ጋር ዌይ ነው። ፋውንድሪ በተባለው የኢቴሪየም መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ያለው «ካስት» ይህን ይመነዝራል። ጀማሪን የሚያሳስተው ሌላ ነው። ዩኤስዲቲ የተባለው ቶከን የተላከበትን ግብይት ሲከፍቱ ተቀባዩ የዩኤስዲቲ ኮንትራት፣ መጠኑም ዜሮ ሆኖ ይታያል። እውነተኛው ተቀባይና የተላለፈው ገንዘብ ያለው በግብይቱ ደረሰኝ ውስጥ በሚገኘው ሎግ ላይ ነው፤ ቁጥሩም በ18 ሳይሆን በ6 ዜሮ ይካፈላል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ጀማሪ ብቻ አይደለም፤ ልምድ ያላቸውም ይስታሉ።

ኖድ ለማቆም ዲስክም ትዕግሥትም የሌለው ከርል በተባለው ትእዛዝ እንደ ሜምፑል ስፔስ ያለውን የሕዝብ ሰርቨር ጠይቆ መልሱን ጄኪው በተባለው የጄሰን ማጣሪያ ያጣራል። ለአንድ ደረሰኝ ይበቃል። ሰርቨሩ ግን የጠየቁትን አድራሻ ከአይፒዎ ጋር አያይዞ ያያል፤ ገንዘብ የሚከታተል ጋዜጠኛ በአድራሻ የሚፈልገውን ኤሌክትርስ የተባለ ማውጫ በራሱ ኖድ ላይ ቢጭን ይሻለዋል።

ጥያቄው ስለ ብዙ ሚሊዮን ግብይቶች ሲሆን የጉግል ቢግኩዌሪ ከ2018 ጀምሮ የቢትኮይንን መዝገብ በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ አቅርቧል። ክፍያው የሚሰላው በሚነበበው ዳታ ልክ ስለሆነ «ሊሚት 10» ብሎ መጻፍ ወጪውን አይቀንስም፤ የሚፈለጉትን አምዶችና ወሮች ለይቶ መጥቀስ ይቀንሳል። «ቢኪው» በተባለው ትእዛዝ ላይ «ድራይ ራን» ከተጨመረ ጥያቄው ሳይፈጸም ስንት ባይት እንደሚያነብ አስቀድሞ ይናገራል።