አንደኛ ማን ወጣ?

ባለፈው እሑድ አንድ ዘመዴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አቦሉ ገና ሳይቀዳ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ካርዱን ይዞ ከጓዳ እየሮጠ መጣና “ጋሼ፣ ሁለተኛ ወጣሁ!” አለኝ። ፊቱ በርቷል። እኔ “ጎበዝ!” ልለው አፌን ስከፍት አባት ቀደመኝ። “አንደኛ ማን ወጣ?” ልጁ የአንዲት ልጅ ስም ጠራ። “እሷ ሁለት ጭንቅላት አላት እንዴ?” አለና ሳቀ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ብቻ ካርዱን አጥፎ ወደ ጓዳው ተመለሰ።

ያቺ ሳቅ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። አባትየው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የእኔም አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካርድ ባሳየሁት ቁጥር ከዚህ የተለየ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ችግሩ ያቺን ጥያቄ ካርድ ላይ ብቻ አለመተዋችን ነው። በሩጫውም በዘፈኑም “አንደኛ ማን ወጣ?” ብለን ጠይቀን፣ መልሱን ሰምተን ወደ ቤታችን የምንገባ ሰዎች ነን። እኔ ራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10 ሺሕ ሜትር ፍጻሜን ያየሁት ሰፈራችን በምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ ነው። የሁላችንም ዓይን ኃይሌ ገብረሥላሴ ላይ ነበር። በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ያመጣ ሰው ሦስተኛውን ሊሞክር፣ ያውም ከእግር ጉዳት ጋር እየታገለ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ወደ ኋላ ዞር እያሉ ያዩታል፣ ይጠብቁታል። ኃይሌ ሲቀር ሻይ ቤቱ ፀጥ አለ። ከዚያ ቀነኒሳ ተወነጨፈ፤ ሻይ ቤቱም በጩኸት ተናጋ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ወሬው ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው “አዲሱ ንጉሥ ተገኘ” የሚል፣ ሁለተኛው “ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፣ አንጀቴን በላው” የሚል። ከቀነኒሳ አራት ሰከንድ ያህል ብቻ ዘግይቶ የገባውን፣ ነሐስ የወሰደውን ኤርትራዊ ዘርሰናይ ታደሰን ደግሞ ከ13 ሰከንድ በላይ የቀደመውን ልጅ ስም የጠራ ሰው አላስታውስም። እኔም አልጠራሁትም። እሱም እኮ እንደ ቀነኒሳ ዞር እያለ ኃይሌን ሲጠብቅ ነበር! ቀነኒሳ ሲጠብቅ “አይ ፍቅር!” አልን። ስለሺ ሲጠብቅ ግን ማን አየው?

ቀጥሎስ? በ2005 በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺሕ ሜትር ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር። የለያቸው ከግማሽ ሰከንድ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ነው። በ2007 በኦሳካ ቀነኒሳ ተዳክሞ ወደ ኋላ ሲቀር “ዛሬስ የስለሺ ቀን ነው” ያላልን ማን አለን? በመጨረሻው ዙር ሰውዬው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጥቶ አለፈው። እንደገና ብር። በ2008 ቤጂንግ፣ ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት፣ እንደገና ብር። አስቡት፤ በዓለም ላይ ያሉ የ10 ሺሕ ሜትር ሯጮችን ከአንድ ሰው በቀር በሙሉ እየቀደመ አራት ጊዜ ገባ። ያ አንድ ሰው ደግሞ፣ የኃይሌ ወገኖች ስልኬን አታጨናንቁብኝ እንጂ፣ ለእኔ በትራክ ላይ ከሮጡት ሁሉ የሚበልጠው ነው። ስለሺ አንድ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ ስንት ወርቅ ይዞ ይገባ እንደነበር እግዜር ይወቀው። አሁን ግን መንገድ ላይ ብትጠይቁ “እ… የጥሩነሽ ዲባባ ባለቤት አይደል?” የሚላችሁ አይጠፋም። በጥሩነሽ ባል መሆን የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ግን እሱም እኮ ሮጧል!

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ብር ኪሳችን ሲገባ እንዴት እንደምንወደው፤ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን እንዴት እንደምንንቀው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ስፖርት ወዳድ ጓደኛዬ ሳጫውተው “እና ለሁሉም እናጨብጭብ? ታዲያ ማሸነፍ ምን ትርጉም አለው?” ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው፤ ወርቅና ብር አንድ ነው አላልኩም። ቀነኒሳ ራሱ በአቴንስ የ5 ሺሕ ሜትሩን ወርቅ በሞሮኳዊው ኤል ጉሩዥ ሲነጠቅ ልዩነቱ 20 መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ የዚያች ቅንጣት ጊዜ ቁጭት ለሯጩ ይገባዋል። ቁጭቱ የእሱ ነው። እኛ ግን ሶፋ ላይ ተደግፈን “ዛሬ ከሸፈ!” ስንል የማንን ቁጭት ነው የምንቆጨው?

ለሜቻ ግርማን እዩት። በ2019 በዶሃ የ3 ሺሕ ሜትር መሰናክልን ወርቅ ያጣው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ዓይን ከመጨፈን ባነሰ ጊዜ። ከዚያ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ብር፣ በዩጂን ብር፣ በቡዳፔስት ብር። በመሀል በ2023 ፓሪስ ላይ ከ18 ዓመት በላይ የቆየውን የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን በ7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ11 መቶኛ ሰከንድ ሰብሯል። በየሰፈሩ ግን የሚሰማው “ይሄ ልጅ ለምን አይሳካለትም?” ነበር። በዓለም ታሪክ ማንም ያልሮጠውን የሮጠ ልጅ “አይሳካለትም”! ከዚያ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ የመጨረሻው ዙር ላይ መሰናክሉ ጠልፎት በጭንቅላቱ ወደቀና በቃሬዛ ወጣ። የዚያን ዕለት ማታ አገር ሁሉ ስሙን ጠራ፤ የጸለየው ጸለየ፣ ያለቀሰው አለቀሰ። እኔም አንዱ ነኝ። ግን እንዲህ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፦ ስሙን እንዲህ ከልቤ ለመጥራት ልጁ የግድ ቃሬዛ ላይ መተኛት ነበረበት?

ሙዚቃው ዘንድ ስንመጣ ሁለተኛው ሰው ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው ነው። በሸክላው ዘመን የተሠሩትን ዘፈኖች እንወዳለን፤ ሠርግ ላይ እንጨፍርባቸዋለን። ዘፋኙን እንጂ ያቀናበረውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ግርማ በየነ በራሱ ድምፅ የቀዳቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን እጅግ ብዙ ነው፤ የዓለማየሁ እሸቴን ዘመን ያለ እሱ ፒያኖ ማሰብ ያስቸግራል። ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ሲበተን እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሠርቷል። አብሮት የቀረው የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ደግሞ እዚያው ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኪቦርዱን ከኋላ ኮፈን ውስጥ አድርጎ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት እያወጣ ይለማመዳል። ስንቱ የእኛ ሰው እዚያ ታክሲ ውስጥ ተሳፍሮ፣ የሒልተኑን የዋልያስ ዘመን እየናፈቀ፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ወርዶ ይሆን?

ሁለቱም በኋላ ተፈልገው ተገኝተዋል። ኃይሉ አሮጌ ሥራዎቹ እንደገና ታትመውለት፣ በ2018 አዲስ አልበም አውጥቶ፣ በየአህጉሩ መድረክ ላይ ወጣ። ግርማም በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳዮች ባንድ ጋር አልበም ሠራ። ደስ ይላል፤ ትንሽ ግን ያሳፍራል። ፈልገው ያገኙልን ፈረንጆቹ ናቸዋ!

ለማንኛውም ያን እሑድ ቶናው ከተጠጣ በኋላ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ልጁ ካርዱን ደብተሩ ውስጥ ሸጉጦ ኳስ ያገላብጣል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ስለ ስለሺ አጫወትኩት። ስለ አቴንስ፣ ዞር እያለ ስለመጠበቁ፣ ስለ ሄልሲንኪና ስለ ኦሳካ።

“ሁልጊዜ ሁለተኛ?” አለኝ።

“ሁልጊዜ እንኳ አይደለም። ትልልቆቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ።”

ትንሽ አሰበና “አባቱ ምን አለው ታዲያ?” ብሎ ጠየቀኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ከሳሎን “በረካው ሊቀርብ ነው፣ ኑ እንጂ!” ሲሉ ሰማሁና “ካርድህን ይዘህ ና፤ ቅድም በደንብ አላየሁትም” አልኩት።