በግድብ ሐይቆች የሚፈጠረውን ሚቴን ጋዝ መቀነስና ለጥቅም ማዋል

በወንዝ ላይ ግድብ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ይገኛል፤ ዓሣ ይረባል፤ መስኖ ይስፋፋል። ይሁን እንጂ በሞቃት አገሮች ያለ በቂ ዝግጅት የተሞላ ሐይቅ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ወደ አየር ይለቃል። ይህ ጋዝ ሙቀትን በማፈን ረገድ፣ በ100 ዓመት ሲሰላ፣ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በአየር ውስጥ የሚቆየው ግን ወደ 12 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ ቢቀነስ ውጤቱን ለማየት ብዙ ዘመን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሚቴን እንዴት ይፈጠራል?

በውሃ የተዋጠ ቅጠል፣ ሣርና ቁጥቋጦ፣ እንዲሁም ከተራራ ታጥቦ የመጣ ለም አፈር ከሐይቁ ሥር ይጠራቀማል። በሞቃት አገር የላይኛው ውሃ ስለሚሞቅና ስለሚቀል ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር በቀላሉ አይደባለቅም። ስለዚህ ከታች ያለው ኦክሲጅን ያልቃል። ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያንም ብስባሹን ወደ ሚቴን ይለውጡታል። ጋዙ የሚወጣው በሚከተሉት መንገዶች ነው፦

1. ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አረፋ ሆኖ በመቡለቅለቅ፤
2. ከውሃው ገጽ ቀስ በቀስ ወደ አየር በመውጣት፤
3. ከጥልቅ የተቀዳ ውሃ በተርባይን አልፎ ሲወጣ። በዚህ ጊዜ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ጋዙ ይለቀቃል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በፈረንሳይ ጊያና፣ በሲናማሪ ወንዝ ላይ የተሠራው የፔቲ ሶ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1994 መሞላት ሲጀምር ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን ሳይመነጠር በውሃ ተዋጠ። ከተርባይኑ የሚወጣው ውሃ ኦክሲጅን ያነሰውና ሚቴን የበዛበት በመሆኑ ለወንዙ ዓሦች አስጊ ሆነ። በ1995 ከግድቡ በታች ውሃው እየተወረወረ ከአየር ጋር የሚደባለቅበት እርከን ተሠራ። እርከኑ ለዓሦቹ ጠቀመ፤ የሚቴኑን አብዛኛውን ክፍል ግን ወደ አየር አስወጣው እንጂ አላስቀረውም። ከሞሉ በኋላ ከመጠገን ሳይሞሉ ማዘጋጀት እንደሚሻል ይህ ያሳያል።

ጋዙን ስለ መያዝ የሩዋንዳው ኪቩ ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኪቩ የተፈጥሮ ሐይቅ ሲሆን፣ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ሥፍራ ውሃ በቧንቧ እየተቀዳ ሚቴኑ ይለያል። በዚህ ጋዝ የሚሠራው ኪቩዋት የተባለው ማመንጫ 26 ሜጋዋት ኃይል አለው። በግድብ ሐይቆች ውስጥ ያለው ሚቴን ግን ከኪቩ እጅግ የሳሳ ስለሆነ፣ በዚህ ዘዴ ማውጣት ከባድና ውድ ነው። ስለዚህ ለማኅበራት የሚበጀው ብስባሹ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ መከላከል ነው።

የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት ሊሠሩት የሚገባ

ሀ. ሐይቁ ከመሞላቱ በፊት መመንጠር። ግንዱን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉንና ቁጥቋጦውን ጭምር ማንሳት ያስፈልጋል፤ ፈጥኖ የሚበሰብሰው ይህ ነውና። ተቆርጦ እዚያው ከተተወ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ቀድሞ የተመነጠረ መሬት መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ሥራው ወደ ሙሌቱ ወቅት መጠጋት አለበት።

ለ. አፈርን በተፋሰሱ ማስቀረት። እርከን መሥራት፣ ዳርቻውን በሣርና በዛፍ መሸፈን፣ ማዳበሪያ ታጥቦ እንዳይሄድ በመጠንና በወቅቱ መጨመር ይገባል። ገበሬው ለም አፈሩን ያተርፋል፤ ግድቡም በደለል አይሞላም።

ሐ. ባሕር ሸሽ መሬትን ማጽዳት። ማረስ በተፈቀደበት ሥፍራ ገለባው፣ አገዳውና አረሙ ውሃው ከመመለሱ በፊት፣ ማለትም በክረምት ለሚሞሉ ሐይቆች እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ተሰብስቦ ለከብት መኖ ወይም ለኮምፖስት መዋል አለበት።

መ. እምቦጭን ወደ ባዮጋዝ መለወጥ። እምቦጭ በአገራችን በኮካ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የታጨደውን በዳርቻው መከመር ብስባሹን ወደ ውሃው መመለስ ነው። ከዳርቻ ርቆ፣ በደቃቁ ተከትፎ፣ ከትኩስ እበትና ከውሃ ጋር ተደባልቆ በባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ሚቴኑ ለምድጃ ይሆናል፤ ዝቃጩም ማሳ ያዳብራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሚቴን በአየር ውስጥ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 15 እጅ ሲደርስ በእሳት ይፈነዳል። ቧንቧው ማፍሰስ አለማፍሰሱ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ እንጂ በክብሪት አይሞከር። የሚያፈስ ጉድጓድ አደገኛ ከመሆኑም በላይ፣ ከሐይቁ የተረፈውን ጋዝ መልሶ ወደ አየር ይለቃል።

እያንዳንዱ ማኅበር እነዚህን ሥራዎች በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ አስገብቶ፣ የምንጠራውንና የባሕር ሸሹን ሥራ ከግድቡ አስተዳደር ጋር ተመካክሮ ቢያከናውን ይመረጣል።